ሆሳዕናን ሳያይ ለሆሳዕና የሠራ ሰው

አብዱ ፓሪስ ውስጥ መንገድ ይጠርጋል። ካጠራቀመው ላይ ዳካር ላለው አጎቱ ለኢብራሂማ ዲዬንግ 25,000 ፍራንክ ይልካል፤ 20,000ው ተቀምጦ እንዲጠብቀው፣ 3,000ው ለእናቱ፣ 2,000ው ለራሱ ለአጎትየው። ገንዘቡ ገና ከፖስታ ቤት አልወጣም፤ ወሬው ግን ሰፈሩን አዳርሷል። የዲዬንግ ሚስቶች በዱቤ አስቤዛ ገዝተዋል። ጎረቤቱ ለብድር፣ ዘመዱ ለችግሩ ደጅ ይጠናል። እዚህ ላይ ስደርስ ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። ይህ እኮ ሆሳዕና ነው! ከደቡብ አፍሪካ ብር መጣ የተባለበት ቤት ነው! ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ላቡን አፍስሶ የላከው ገንዘብ እጅ ሳይገባ በስንት ሰው ሐሳብ እንደሚከፋፈል ከሀዲያ ሰው በላይ ማን ያውቃል?

ፊልሙ «ማንዳቢ» ይባላል። የተሠራው በ1968 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዳይሬክተሩ ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን በ2007 አርፏል። 2023 የተወለደበት 100ኛ ዓመት ስለነበር በተለያዩ አገሮች ሲኒማ ቤቶች ሥራዎቹን በተከታታይ እያሳዩ ዘክረውታል። እኛም ጥቂት የሆሳዕና ጓደኛሞች በተውሶ ፕሮጀክተር፣ ግድግዳ ላይ በወጠርነው አንሶላ፣ ዘግይተንም ቢሆን የራሳችንን መታሰቢያ አደረግንለት። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስለ ሴምቤን ሳላወራ አልለቅም።

«ማንዳቢ» የሚጀምረው ደጅ ላይ ነው። ፀጉር አስተካካዩ የዲዬንግን ራስ ከላጨ በኋላ ምላጩን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ የአፍንጫውን ፀጉር እየመነጠረ ያወጣል። ካሜራው ፊቱ ላይ ተተክሎ አይነቃነቅም። ዲዬንግ እንደ ንጉሥ ተዝናንቶ ተቀምጧል። ማኩሬዲያ ጌይ የሚባለው ተዋናይ ያንን ሰፊ ልብሱን በትከሻው ላይ እየመለሰ ሲራመድ ማየት ብቻውን ያጠግባል! ከዚያ ይኼው ኩሩ ሰው ፖስታ ቤት ይሄዳል። መታወቂያ አምጣ ይባላል። መታወቂያ ለማውጣት የልደት ወረቀት አምጣ ይባላል። ለልደት ወረቀቱ ደግሞ የተወለደበትን ቀን ይጠየቃል፤ እሱ የሚያውቀው 1900 አካባቢ መወለዱን ብቻ ነው። ፎቶ፣ ቴምብር፣ ደጅ ጥናት፣ ነገ ተመለስ። ቀበሌ ደጃፍ ተሰልፎ የዋለ ሁሉ ይህን ሲያይ ሆዱ ይላወሳል። በመጨረሻ የተማረ ዘመድ እኔ ላውጣልህ ብሎ ያስፈርመዋል፤ ገንዘቡንም እልም ያደርገዋል፤ ለዲዬንግ የሚደርሰው የሩዝ ጆንያ ነው። አብሮን ያየ አንድ አዛውንት ፊልሙ አልቆ መብራት ከበራ በኋላም እኛን ትቶ ከዲዬንግ ጋር ይሟገት ነበር፤ «ለምን ፈረምክ? ለምን ፈረምክለት?» እያለ።

ይህን ሁሉ ያየ ዓይን ከየት መጣ? ሴምቤን ዚጊንሾር ከተማ የተወለደ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ተሰልፏል። ማርሴይ ወደብ ላይ ወዛደር ሆኖ መርከብ ሲያራግፍ ጀርባውን ተጎድቷል። እዚያው እያነበበ፣ ራሱን በራሱ እያስተማረ ልብ ወለድ ደራሲ ሆነ፤ የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1956 ታተመ። ነገር ግን መጽሐፉ በፈረንሳይኛ ነው፤ እናቱና ጎረቤቶቹ፣ ያ ሁሉ የጻፈላቸው ሰው፣ አያነቡትም። ስለዚህ ወደ 40 ዓመቱ ሲጠጋ ሞስኮ ሄዶ ፊልም ተማረ። በ40 ዓመት ከሀ መጀመር! ሲኒማን የማታ ትምህርት ቤት ብሎ ይጠራው ነበር። እንደተናገረውም ኖረ፤ ፊልሞቹን ይዞ ገጠር ለገጠር እየዞረ ያሳይ፣ ከተመልካቹ ጋርም ቁጭ ብሎ ይከራከር ነበር።

ከሞስኮ ሲመለስ በ1963 የሠራው «ቦሮም ሳሬት» 20 ደቂቃ ገደማ ነው። አንድ ባለ ጋሪ ቀኑን ሙሉ ሰው ያመላልሳል፤ አብዛኛው አይከፍለውም። ጋሪ ወደማይገባበት የሀብታሞች ሰፈር ሲዘልቅ ፖሊስ ጋሪውን ይወስድበታል፣ መሬት የወደቀችውን የጦር ሜዳ ሜዳሊያውንም ይረግጥበታል። ባዶ እጁን ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ልጁን ታሳቅፈዋለች፣ ዛሬ ማታ እንበላለን ትለዋለች፣ ወጥታም ትሄዳለች። አለቀ! ወዴት እንደሄደች አይነግረንም። ሀላባ ቁሊቶ ላይ ከባለ ጋሪዎች መሐል ቆሞ ይህን ፊልም ማሳየት ምን ያህል ያምረኛል! በ1966 ደግሞ ፈረንጆች ቤት ልትሠራ ባሕር ተሻግራ ስለምትጠፋ ወጣት «ጥቁሯ ልጅ»ን ሠራ። ልጁን ወደ ዐረብ አገር የሸኘ ወላጅ ይህን ለብቻው ባያየው እመክራለሁ።

አሁን ወደ «ሞላዴ» ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ ልቤን የሰረቀው እሱ ነው።

ሴምቤን ይህን የመጨረሻ ፊልሙን ሲጨርስ 81 ዓመቱ ነበር። የተቀረጸው ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ባለ መንደር ነው፤ በ2004 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸልሟል። ሊገረዙ ከነበሩ ሕፃናት አራቱ አምልጠው ኮሌ የምትባል ሴት ቤት ይገባሉ። ኮሌ የገዛ ልጇን አላስገርዝም ያለች ሴት ናት። በግርዛቷ የተነሣ ሁለት ልጆች በወሊድ ሞተውባታል፤ ይህቺኛዋ በቀዶ ጥገና ነው የተወለደችው። ኮሌ ምን ታደርጋለች? ባለ ብዙ ቀለም የክር ገመድ አንሥታ የግቢው በር ላይ፣ ጉልበት በሚደርስ ከፍታ ትወጥራለች። በቃ! ቀይ የለበሱት ገራዦች ይመጣሉ፤ ያቺ ክር ፊት ሲደርሱ ይቆማሉ። ክሯ የከለላ ምልክት ናት፤ ከለላውን የሰጠችው ራሷ በቃሏ ካላነሣችው በስተቀር ማንም አይሻገራትም። ወንዶቹ የሴቶቹን ሬዲዮ ሰብስበው ያቃጥላሉ፤ የኮሌ ባልም በአደባባይ እንዲገርፋት ይገደዳል። ከሴቶቹ ገሚሱ ተናገሪና ይብቃሽ፣ ገሚሱ እንዳትናገሪ እያለ ይጮኻል። ኮሌ ጥርሷን ነክሳ ትቆማለች። ተዋናይዋ ፋቱማታ ኩሊባሊ ያንን ገላ እንዴት አድርጋ እንዳቆመችው አላውቅም፤ ባየሁት ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጣል።

ይህንን ከምባታ ውስጥ ተቀምጦ ማየት ሌላ ነገር ነው። ዶ/ር ቦጋለች ገብሬ ከአሜሪካ ተመልሰው ከእህታቸው ጋር የሴት ልጅ ግርዛትን የሚታገለውን ድርጅት «ከምባቲ መንቲ ጌዚማ»ን ያቋቋሙት በ1997 ነው። የጀመሩት ሕዝቡ የጠየቃቸውን ድልድይ በማሠራት ነው፤ ሕፃናቱ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴውም ገበያ እንዲሻገርበት። ከዚያ ሰዉን አስቀምጠው አወያዩ፤ ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ እናቲቱ ሁሉም የልቡን እንዲናገር። በ2002 አንዲት የከምባታ ሙሽራ አለመገረዟን የሚያውጅ ጽሑፍ ደረቷ ላይ አንግታ በሕዝብ ፊት ተዳረች፤ ሙሽራውም እንዲህ ያለችውን በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አንግቶ አጠገቧ ቆመ። «ሞላዴ» የወጣው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው! ሴምቤን በልቡ የሣላት ኮሌ ከመወለዷ በፊት እዚህ ሥጋ ለብሰው የቆሙ ሴቶች ነበሩ። ዶ/ር ቦጋለች በ2019 አርፈዋል። ፊልሙ ዱራሜ ላይ ቢታይ አንዲት እናት የራሷን ታሪክ በትልቅ መጋረጃ ላይ የምታይበት ዕድል ነው የምለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ አዳራሽ ያላችሁ፣ ፕሮጀክተር ያላችሁ፣ የወጣት ማዕከል የምታስተዳድሩ፣ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ መምህራን፣ እባካችሁ አሳዩልን! ፊልሞቹ አሉ፤ «ቦሮም ሳሬት»፣ «ጥቁሯ ልጅ» እና «ማንዳቢ» ታድሰው ጥርት ብለው ወጥተዋል። የቋንቋው ነገር አያስፈራችሁ። ሴምቤን ራሱ «ማንዳቢ»ን በወሎፍ የሠራው ተመልካቹ በአፉ ቋንቋ እንዲሰማ ብሎ ነው። እኛ ደግሞ በትርጉም ፊልም ያደግን ነን፤ አንድ አንደበተ ርቱዕ ወጣት ማይክ ይዞ በሀዲይሳ፣ ዱራሜ ላይ በከምባትሳ ቢተርክ ሰው እስከ እኩለ ሌሊት ይቀመጣል። ጊዜውም የታወቀ ነው፦ መስከረም፣ የያሆዴና የመሳላ በዓላት፣ ከአዲስ አበባውም ከባሕር ማዶውም ሰው አገሩ የሚገባበት ሰሞን። በመጀመሪያው ምሽት «ማንዳቢ»ን አስቀድሙ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ እያሣቀ ያልቃል፣ ክርክሩ ግን ቶሎ አያልቅም። «ሞላዴ»ን ለማግስቱ አቆዩት፤ እናቶችንና አያቶችን ከፊት ወንበር አስቀምጡ፣ ካለቀ በኋላም ማይኩን መጀመሪያ ለእነሱ ስጡ።