ማመንና መታመን
ስለ አማኞችና ስለ ኢአማንያን ክርክር

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ የተማሩ ወጣቶች ተሰብስበው በሚጨዋወቱበት ስፍራ ከሚነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ቶሎ የሚግለውና ዘግይቶ የሚበርደው የሃይማኖት ጥያቄ ነው። አንደኛው ወገን በክርስቶስ አምናለሁ ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ፈጣሪ ስለ መኖሩ ማስረጃ አምጣ ይለዋል። ንግግሩ የሚጀመረው ስለ ዓለም አፈጣጠርና ስለ መጻሕፍት እውነተኛነት ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ዓለሙም መጽሐፉም ይቀርና የተከራካሪው ጠባይ ይመረመራል። አማኙ «ፈሪሃ እግዚአብሔር ከሌለህ ከክፋት ማን ይመልስሃል?» ይላል፤ ኢአማኒውም «አንተ የተነገረህን ትደግማለህ እንጂ አታስብም» ብሎ ይመልስለታል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህን የክርክሩን መዞር ነው። ከሁለቱ የማንኛው አሳብ እውነት እንደ ሆነ ለመፍረድ አልተነሣንም። ስለምን እንደሚከራከሩ፣ ክርክራቸውም ስለምን ፍሬ እንደማያፈራ ለማየት ግን ቋንቋችንና ሥነ ጽሑፋችን በቂ ምስክሮች ናቸው።

እነዚህን ሁለት ከተሞች የመረጥንበት ምክንያት አለን። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ቡታጅራም ከዓለም ገና ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙ የገበያ ከተሞች ናቸው፤ በገበያ ደግሞ ሰው ከማይመስለው ሰው ጋር መዋሉ ግድ ነው። በ1999 ዓ. ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት፣ ያን ጊዜ በነበረው የጉራጌ ዞን ከሚኖረው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ሙስሊም፣ ከአምስት ሁለት እጅ ያህሉ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተከታይ፣ ከቀረውም አብዛኛው ፕሮቴስታንትና ካቶሊክ ነበረ። ለመስቀልና ለዐረፋ ወደ አገር ቤት የሚጎርፈውን ሰው ያየ ሁሉ፣ ጎረቤት በጎረቤቱ በዓል እንዴት እንደሚደሰት ያውቃል። እንግዲህ የዚህ አገር ክርስቲያን ከእርሱ የተለየ ሃይማኖት ያለውን ሰው ሲያይ አይደነግጥም። ያው ሰው «እኔ በምንም አላምንም» የሚል ወጣት ሲገጥመው ግን ይቆጣል። የእምነት ልዩነት ያላስቆጣውን ሰው የእምነት አለመኖር ስለምን አስቆጣው?

መልሱ ከቋንቋችን ይጀምራል። በአማርኛ «አመነ» የሚለው ግሥ ሦስት ሥራ ይሠራል። ሰው በአምላኩ ያምናል፤ ባልንጀራውን ያምናል፤ በዳኛ ፊት ቆሞም ጥፋቱን ወይም ዕዳውን ያምናል። ተቃራኒው «ካደ» የሚለውም እንደዚሁ ነው። አምላኩን የተወ ሰው ካደ ይባላል፤ የተበደረውን ገንዘብ አልወሰድሁም ያለም ካደ ይባላል፤ ወዳጁን አሳልፎ የሰጠም ከሐዲ ነው። «አረመኔ» የሚለውንም ቃል እንመልከት። ከግእዙ «አረማዊ» ጋር የሚዛመደው ይህ ቃል ቀድሞ እግዚአብሔርን የማያውቀውን ሰው ያመለክት ነበር፤ ዛሬ ግን ርኅራኄ የሌለው ጨካኝ ማለት ሆኗል። ስለ እምነት ይነገር የነበረው ቃል ስለ ጠባይ ወደ መናገር ዞረ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ወጣት በአማርኛ «አላምንም» ሲል እርሱ ስለ ሰማይ የተናገረ ይመስለዋል፤ ሰሚው ግን ስለ ብድርና ስለ አደራ የተናገረ ያህል ይሰማዋል። «ኢአማኒ» የሚለው ስያሜ ከስድብ የራቀ ስለ ሆነ በዚህ ጽሑፍ እርሱን መርጠናል፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን ሰውዬውን በሌለው ነገር እንጂ ባለው ነገር አይጠራውም።

ይህ የቃላት አጋጣሚ ብቻ እንዳይመስል የጉራጌን የቀድሞ ሥርዐት እናስተውል። ዊልያም ሻክ የተባለው አሜሪካዊ የባህል ተመራማሪ በ1966 እ. ኤ. አ. ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጠው፣ በሰባት ቤት ጉራጌ ዘንድ ከክርስትናና ከእስልምና ጎን ዋቅ፣ ቦዠና ደሟሚት የተባሉ አማልክት ይከበሩ ነበር። ቦዠ የመብረቅ አምላክ ነው፤ ሌባን በመብረቅ ይቀጣል ተብሎ ይፈራ ስለ ነበረ፣ በእርሱ ስም የተጠበቀውን ንብረት ለመንካት የሚደፍር ጥቂት ነበር። በዚህ ሥርዐት እምነት ማለት የሰማይን ምሥጢር ማወቅ ብቻ አልነበረም፤ የጎረቤትን ንብረት የሚጠብቅ ዘበኛም ነበረ። ደግሞም የጆካ በሚባለው የሰባት ቤት ሸንጎ፣ በክስታኔም ዘንድ በጎርደና ሴራ፣ ሃይማኖታቸው የተለያየ ሰዎች በአንድ የአገር ሥርዐት ይዳኙ ነበር፤ ዛሬም ይዳኛሉ። ሽማግሌዎቹ ከተከራካሪው የሚሹት የእምነቱን ትንታኔ ሳይሆን ቃሉ የሚታሰርበትን ነገር ነው።

እንግዲህ የአማኙ ጥያቄ ከልብሱ ቢገለጥ «እግዚአብሔር አለ ወይስ የለም?» የሚል ሳይሆን «አንተ በምን ትምላለህ?» የሚል ሆኖ ይገኛል። ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ዕቁብ የሚጥል፣ ዋስ የሚሆን፣ ልጁን የሚድር ሰው ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነው። የኢአማኒው ስሕተት እዚህ ላይ ነው፤ ስለ መሐላ ተጠይቆ ስለ ከዋክብት ይመልሳል። የዓለምን ዕድሜ በሚልዮን ዓመታት ቆጥሮ ቢያስረዳም፣ የተጠየቀው ያ አይደለምና ሰሚው አይረካም።

ኢአማኒውስ በበኩሉ ስለምን ይቆጣል? የእርሱም ጥያቄ ቢገለጥ «እንዳስብ ይፈቀድልኛልን?» የሚል ነው። ዕድር አይቀበለኝም፣ ከሠርግ እገለላለሁ፣ ቀባሪ አጣለሁ ብሎ አሳቡን በልቡ የሚይዝ ሰው፣ አንድ ቀን አፉን ሲከፍት የተጠራቀመው ሁሉ በቁጣ ይወጣል። ስለዚህ አማኝን ሁሉ ማሰብን የፈራ አድርጎ ይስለዋል። ሥዕሉ ግን እውነት አይደለም። በቡታጅራ ዙሪያ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የተወለደውንና የሞተውን፣ የታመመውንም ሲመዘግቡ ኖረዋል። ለዚህ ምርምር በራቸውን ከፍተው ለዓመታት ጥያቄ ሲመልሱ የኖሩት አማኞች ናቸው። በዚያው አካባቢ ስለ አእምሮ ሕመም የተደረጉት ጥናቶችም እንዳሳዩት፣ ቤተ ሰብ ሕመምተኛውን ወደ ጠበልና ወደ ጸሎት ይወስዳል፤ ወደ ሐኪምም ይወስዳል። ክርክሩ «ከሁለቱ አንዱን ምረጥ» ይላል፤ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ግን ለመምረጥ ጊዜ የለውም።

ለዚህ አለመተማመን የአገራችን ታሪክም ድርሻ አለው። በ1948 ዓ. ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ126ኛው አንቀጽ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ሃይማኖት አድርጎ ይደነግግ ነበር። ከ1966 ዓ. ም. በኋላ ነገሩ ተገለበጠና የማርክስና የሌኒን ትምህርት የአገር መመሪያ ሆነ፤ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ. ም. ከመንበራቸው ወረዱ፤ በ1971 ዓ. ም. እርሳቸውም፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሓፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገደሉ። እንግዲህ ኢአማኒው ሃይማኖት ከቤተ መንግሥት ጋር የነበረበትን ዘመን ያስታውሳል፤ አማኙም ክሕደት ጠመንጃ ይዞ የመጣበትን ዘመን ያስታውሳል። ሁለቱም የሚፈሩት ፊት ለፊታቸው የተቀመጠውን ባልንጀራ ሳይሆን ከጀርባው ቆሞ ሊሆን የሚችለውን ኃይል ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትንና ሃይማኖትን ለይቷል፤ በ27ኛው አንቀጽም የሃይማኖትን፣ የእምነትንና የአመለካከትን ነጻነት አንድ ላይ አስቀምጧል። በሕግ የተለየው ኃይል ግን ከሰው ልብ ገና አልተለየም።

በሥነ ጽሑፋችን ይህን ክርክር ከሁሉ በፊት በድፍረት ያነሣው ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ ዘርዐ ያዕቆብ በአክሱም አካባቢ በ1592 ዓ. ም. ተወለደ፤ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉ ጊዜ ተከሶ ሸሸ፤ መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ በዋሻ ኖረ። በኋላም በእንፍራዝ ተቀምጦ መጻሕፍት እየገለበጠ ይተዳደር ነበር። የመጽሐፉ ከፍተኛ ስፍራ የፈረንጁንም የአገሩንም ሊቅ በአሳቡ ጠይቆ፣ ሁለቱም የእኔ ሃይማኖት የቀና ነው እንደሚሉ ተረድቶ፣ በመካከላቸው የሚፈርድ ዳኛ ያጣበት ክፍል ነው። በዚህ ስፍራ ጸሓፊው ማንንም አይሰድብም፤ ጥያቄው ከሁሉ በፊት የሚያስጨንቀው ራሱን ነውና። ደካማው ስፍራ ደግሞ ስለ ጾም፣ ስለ ምንኩስናና ስለ እስልምና በፍጥነት የሚፈርድበት ነው፤ በዚያ ስፍራ የከሰሰውን ሰው መልስ ሳይሰማ መዝገቡን ይዘጋል። የዛሬዎቹ ወጣቶች ከዘርዐ ያዕቆብ የወረሱት ብዙ ጊዜ ይህን ሁለተኛውን ነው፤ የመጀመሪያውን ቢወርሱ ይሻላቸው ነበር። የደቀ መዝሙሩ የወልደ ሕይወት ሐተታ ከዚህ ይልቅ የለዘበ ነው፤ ሳይመረምሩ አትመኑ እያለ ያስተምራል፤ በሃይማኖት ከማይመስሉን ጋር በፍቅር መኖርንም ይመክራል።

አንባቢያችን ልብ ይበል፤ ዘርዐ ያዕቆብ ፈጣሪን አልካደም። ይጸልያል፤ ልቡናንም የፈጣሪ ብርሃን ያደርገዋል። በሰዎች መካከል ግን እንደ ክርስቲያን እየታየ ልዩ አሳቡን በልቡ እንደ ያዘ መኖሩን ይናገራል። ይህም ከላይ ስለ ኢአማኒው ዝምታ ያልነው ነገር አዲስ አለመሆኑን ያሳያል።

የመጽሐፉ ጸሓፊ ማን ነው የሚለው ክርክርም ራሱ ትምህርት ይሰጣል። ጥራዙን በ1850ዎቹ እ. ኤ. አ. ለአንቷን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የካፑቺን መነኩሴ ነበረ። ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ. ኤ. አ. ድርሰቱ የራሱ የመነኩሴው ነው ብሎ ተከራከረ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደከሙ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። በእኛ ዘንድ አንዳንዱ አማኝ ጥርጣሬ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ለማለት የፊተኛውን አሳብ ይወድዳል፤ አንዳንዱ ኢአማኒም ጥርጣሬ የአገር ልጅ ነው ለማለት የኋለኛውን ይወድዳል። ሁለቱም አንድ ነገር ዘንግተዋል። ኮንቲ ሮሲኒ ቢረታ ጸሓፊው መነኩሴ ነው፤ ሰምነር ቢረቱም ጸሓፊው ዳዊት ደጋሚ ነው፤ ለመጽሐፉ የተሟገቱት ሰምነር ራሳቸውም የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበሩ። በየትኛውም መንገድ ቢታይ ጥያቄው የተወለደው በአማኞች ቤት ነው። ደግሞስ በፈጣሪ አለመኖር በልቡ የሚናገረውን ሰው መዝሙረ ዳዊት ሰነፍ ብሎ ሲገሥጸው፣ የቆሎ ተማሪ ሁሉ ያን ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀው የለምን?

ከዚህ በመነሣት የምንለው ይህ ነው። አማኙ ኢአማኒውን የባዕድ ልጅ አድርጎ ማየቱን ይተው፤ የሚሰማው ጥያቄ ከራሱ መጻሕፍት ኅዳግ የወጣ ነውና። ኢአማኒውም «በምን ትምላለህ?» ለሚለው ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ያዘጋጅ፤ መልሱም በቃል ብቻ የሚሰጥ ሳይሆን ዕዳውን በመክፈል፣ አደራውን በመጠበቅና የጎረቤቱን አስከሬን በመሸኘት የሚሰጥ ነው። መምህራን ክርክሩን ከትምህርት ቤት ሊያባርሩት አይችሉም፤ ሊያባርሩትም አይገባም። ነገር ግን ተማሪው የተቃዋሚውን አሳብ ከመንቀፉ በፊት፣ ተቃዋሚው ራሱ «አዎን፣ እንዲሁ ነው የምለው» እስኪል ድረስ አጥርቶ እንዲያስረዳ ሊያስለምዱት ይችላሉ። በጆካ ሸንጎ የተከሳሹ ቃል ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም። ስለ ሰማይ የሚደረገው ክርክር ስለ ከብትና ስለ ወሰን ከሚደረገው ያነሰ ሥርዐት ሊኖረው አይገባም እንላለን።