ኑግና ንብ በጽጌ ወራት

ኑግ በራሱ ብናኝ ዘር አይቋጥርም። ከሌላ ተክል የመጣ የወንዴ ብናኝ ካልደረሰው አበባው ቢደምቅ፣ ቢጫው ማሳውን ቢሞላው እንኳ በመጨረሻ አውድማ ላይ የሚቀረው ገለባ ነው። ብናኙ ተጣባቂ ስለሆነ ነፋስ አያደርሰውም፤ የሚያደርሱት ነፍሳት፣ ከነፍሳትም በዋናነት ንቦች ናቸው። ስለዚህ የኑግ ምርት የሚወሰነው በአፈርና በዝናብ ብቻ አይደለም። አበባው በተከፈተባቸው ጥቂት ሳምንታት ንብ መጥታለች ወይስ አልመጣችም የሚለው እኩል ይመዝናል። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወለጋና በሸዋ ከጥንት ጀምሮ ለሚዘራ ሰብል ይህ ጉዳይ የሚገባውን ያህል አልታሰበበትም። ኑግ ደካማ መሬት ይችላል እየተባለ ለተራቆተውና ውሃ ለሚቋጥረው ማሳ ይተዋል፤ ፍሬው ሲያንስም ጥፋቱ በመሬቱ ላይ ይለጠፋል።

አንድ የኑግ አበባ የሚመስለው ነገር በእርግጥ የብዙ አበቦች ስብስብ ነው። ዳር ዳሩን የተዘረጉት 8 ገደማ ቢጫ ምላሶች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፤ ሴቴ እንጂ ወንዴ የላቸውም። መሐሉን የሞሉት ከ40 እስከ 60 የሚደርሱ ቱቦ መሰል ጥቃቅን አበቦች ደግሞ ወንዴም ሴቴም አላቸው። ሁሉም በአንድ ቀን አይከፈቱም። ከዳር ተነሥተው ቀለበት በቀለበት ወደ መሐል ይሄዳሉ፤ አንድ ራስ አበባውን ከፍቶ እስኪጨርስ 8 ቀን ያህል ይፈጅበታል። እያንዳንዱ ቀን የራሱ ቀለበት አለው ማለት ነው። ሦስት ቀን የደመነና የቀዘቀዘ እንደሆነ የሚጎዳው መላው ራስ ሳይሆን በእነዚያ ቀናት የተከፈተው ክፍል ነው።

ከእነዚህ ቱቦዎች አንዷን በማጉያ መነጽር ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የሥራውን ቅደም ተከተል ያገኘዋል። የወንዴው ብናኝ ከረጢቶች ጎን ለጎን ተጣብቀው ጠባብ አፈሙዝ ሠርተዋል፤ ብናኛቸውን የሚያፈሱት ወደ ውስጥ ነው። ከሥር የምታድገው የሴቴዋ ዘንግ በዚህ አፈሙዝ ውስጥ ስታልፍ፣ ልክ የጠመንጃ መወልወያ እንደሚያደርገው፣ ብናኙን እየገፋች ወደ አናት ታወጣዋለች። ቢጫው ዱቄት ከላይ ተቆልሎ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። የዘንጓ ጫፍ እንደ እባብ ምላስ ለሁለት ተሰንጥቃ ተቀባይ ገጿን የምትገልጠው ከዚያ በኋላ ነው። ወንዴነቱ ይቀድማል፣ ሴቴነቱ ይከተላል። ንብ በራሱ ላይ ስትዞር ታዲያ በውስጠኛው ቀለበት ብናኝ ሰጪዎችን፣ በውጭኛው ቀለበት ተቀባዮችን ትረግጣለች። ሆዷና ደረቷ ላይ ያለው ጠጉር ብናኙን ይይዘዋል፤ አብዛኛውን አበጥራ በኋላ እግሯ ቅርጫት ላይ ትጠቀጥቀዋለች፣ ከጠጉሯ መካከል የቀረው ግን ወደሚቀጥለው ተክል ይሻገራል። ለኑግ የሚጠቅመው ይህ ሳታበጥረው የቀረው ነው።

ጎረቤቱ ጤፍ ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። ጤፍ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ አበባው ከደቃቅነቱ የተነሣ በዐይን አይለይም፣ እንግዳም አይጠብቅም። ለረጅም ጊዜ ሁለት የጤፍ ዝርያዎችን ማዳቀል አይቻልም ተብሎ የኖረውም አበባው መቼ እንደሚከፈት ስላልታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተመራማሪው ታረቀ በርሔ አበባው ማለዳ ከ12፡45 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ እንደሚከፈት ሲደርሱበት ነገሩ ተለወጠ። በዚያች አጭር ጊዜ የአንዱን ብናኝ ወደ ሌላው በእጅ ማድረስ ተቻለ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው ዝርያም የዚህ የማዳቀል ሥራ ፍሬ ነው። የአንድ ሰብል ማሻሻያ ታሪክ በሦስት ሩብ ሰዓት ላይ ተንጠልጥሎ መኖሩ የአበባ ሰዓት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳያል።

ኑግ የራሱን ብናኝ የሚመልሰው በዘር በወረሰው ምልክት ነው። በብናኙ ቆዳ ላይ ብናኙን ያፈራው ተክል ምልክት አለ፤ ሴቴዋ ያ ምልክት ከራሷ ጋር ከተመሳሰለባት ብናኙ እንዳይበቅል ትዘጋዋለች። የምትመልሰው የራሷን ብቻም አይደለም፤ ተመሳሳይ ምልክት የያዘውን የወንድም እህት ብናኝም ትመልሳለች። ለዘር መረጣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ገበሬ ከማሳው እጅግ ያማሩትን ሦስት አራት ተክሎች ለይቶ ዘሩን ከእነሱ ብቻ ቢያስቀር፣ ለስንዴ ጥሩ ዘዴ የሆነው ነገር በኑግ ላይ ይገለበጣል፤ የሚቀጥለው ዓመት ማሳ ዘመዳሞች ብቻ የቆሙበት ይሆናል፣ ንብ በብዛት ብትመጣም የምታደርሰው ብናኝ ይመለሳል። ለዘር የሚቀመጠው ኑግ ከማሳው ዳርና ዳር፣ ከብዙ አሥር ተክሎች፣ አልፎ አልፎም ከጎረቤት ዘር ጋር ተቀላቅሎ መሰብሰብ ያለበት ለዚህ ነው። አምሮ የታየውን ብቻ መምረጥ በዚህ ሰብል ላይ ስሕተት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የጊዜ ጉዳይ ነው። ኑግ አጭር ቀን የሚጠብቅ ተክል ነው፤ ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ወደ ማበብ ያዘነብላል። በጎጃም ኬክሮስ በሰኔና በታኅሣሥ መካከል ያለው የቀን ርዝመት ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም፣ ለተክሉ ግን ይበቃዋል። ስለዚህ ዘግይቶ የተዘራ ኑግ በዘገየበት ቀን ልክ አበባውን አያዘገይም፤ አካሉ ሳይጠነክር፣ ቅርንጫፉ ሳይበዛ ያብባል። ሦስቱ የታወቁት የኑግ ዓይነቶችም የሚለያዩት በወራታቸው ነው። አባት ኑግ በክረምቱ መግቢያ ተዘርቶ በታኅሣሥ ይታጨዳል፤ ቡንኝ ሐምሌ ላይ ተዘርቶ በጥቅምት ይደርሳል፤ መስኖ ኑግ መስከረም ላይ ተዘርቶ እስከ የካቲት ይቆያል። የአባት ኑግ አበባ የሚደምቀው ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ጽጌ ብላ በምትጠራቸው ቀናት፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት፣ እና በአቅራቢያቸው ነው። ዝናቡ አባርቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ንብ ለመብረር የሚመቻት ጊዜ ነው።

ይሁን እንጂ ሰማዩ መጥራቱ ብቻ አይበቃም፤ በዚያ ሰዓት ቀፎው ውስጥ ስንት ቀሳሚ ንብ አለ የሚለው መታሰብ አለበት። ንብ ከዕንቁላል ተነሥታ ሠራተኛ ሆና ለመውጣት 21 ቀን ይፈጅባታል። ከወጣች በኋላም ሦስት ሳምንት ያህል በቀፎ ውስጥ እጭ ስትመግብ፣ ሰፈፍ ስትሠራ፣ በር ስትጠብቅ ትቆያለች፤ ቀስማ የምትገባው ከዚያ ወዲያ ነው። መስከረም 1 የተጣለች ዕንቁላል አበባ ላይ የምትታየው ጥቅምት 12 አካባቢ ነው ማለት ነው። በኑግ ላይ የሚሰማሩት ንቦች ነሐሴ ማለቂያና መስከረም መባቻ ላይ አውራዋ የጣለቻቸው ናቸው። ያ ጊዜ ደግሞ ንብ የምትራብበት ነው፤ ክረምቱ ሙሉ ቀሰም የለም፣ የተቆጠበው ማር አልቋል፣ አውራዋም ዕንቁላል መጣሏን ቀንሳለች። ክፍተቱን የሚሞሉት መስከረም ላይ የሚፈነዱት አደይ አበባና መጭ ናቸው። እነሱ የሚሰጡት ብናኝ የእጩ ምግብ ነው። አደይ ያላገኘ ቀፎ ለኑግ የሚያሰማራው ሠራዊት የለውም።

በዚህ ምክንያት የመስከረም አረም ላይ የሚደረገው ነገር የጥቅምትን ኑግ ይነካል። በጤፍና በስንዴ ማሳ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ለማጥፋት የሚረጨው ቱፎርዲ መጭንና አደይን አብሮ ያጠፋል። የጉልበት ችግር ያለበት ገበሬ መርጫውን ቢያነሣ አይፈረድበትም፤ አረም በጎንበስ የሚታረመው በስንት ሰው ድካም እንደሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን የማሳ ዳር፣ ወሰንና ቦይ ላይ ያለው አበባ ሳይረጭ ቢተው ሰብሉ አይጎዳም፣ ንቡ ይተርፋል። ባለቀፎው በበኩሉ ነሐሴ ላይ የስኳር ሽሮፕ፣ በሶ ወይም ሽሮ ለቀፎው ቢያቀርብ አውራዋ ቀደም ብላ መጣል ትጀምራለች። ይህ ምግብ ማር ለማብዛት ተብሎ የሚሰጥ አይደለም፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ የሚሰማራውን ንብ ለማሳደግ ነው። መጋቢው ሒሳቡን ከአበባው ቀን ወደ ኋላ ሲቆጥር ብቻ ድካሙ ዋጋ ያገኛል፤ ጥቅምት ላይ የተሰጠ ሽሮፕ ለኑግ አይደርስም።

ኑግ ራሱ ካበበ በኋላ ፀረ ነፍሳት መርጨት ግን በራስ ምርት ላይ እጅ ማንሣት ነው። ግድ የሆነ እንደሆነ ንብ ወደ ቀፎዋ ከተመለሰች በኋላ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ባለቀፎዎች አስቀድመው ተነግሯቸው ይሁን።

ቀፎ ወደ ኑግ ማሳ የሚያዛውር ሰውም ቀኑን መምረጥ አለበት። ኑጉ ሳያብብ የተወሰደ ቀፎ ንቦቹ በአካባቢው ሌላ ቀሰም ለምደው እዚያው ይቀራሉ፤ ንብ በአንድ ጉዞ ከአንድ ዓይነት አበባ ላይ ብቻ የመሥራት ጠባይ አላት፣ የለመደችውንም ቶሎ አትተውም። ስለዚህ የሚዛወረው ማሳው ማበብ ጀምሮ ቢጫው እዚህም እዚያም ብልጭ ሲል፣ በሌሊት፣ በሩ ተዘግቶ ነው። ንብ ሦስት ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ መብረር ብትችልም የቅርቡን ትመርጣለች፤ ማሳው ከቀፎው በራቀ ቁጥር የጉብኝቱ ብዛት ይቀንሳል። ማሩ የሚቆረጠው ኅዳር ላይ አበባው ሲረግፍ ነው። ቀድሞ የቆረጠ ሰው ያልበሰለ ቀጭን ማር ያገኛል።

ቡና በሌላ መንገድ ይሄዳል። ከደረቅ ወቅት በኋላ የወረደ ዝናብ ያነቃዋል፤ ከ8 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ቁጥቋጦው በአንድ ጠዋት ነጭ ይለብሳል፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላም አበባው ይጠወልጋል። የአረቢካ ቡና ራሱን ማዳቀል ስለሚችል ንብ ባትመጣም ባዶውን አይቀርም፤ ንብ ስትመጣ ግን የሚያዘው ፍሬ ይጨምራል። አሌክሳንድራ-ማሪያ ክላይንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ከኢንዶኔዥያዋ ሱላዌሲ ያቀረቡት ጥናት ሦስት ዓይነት ንብ ብቻ በሚጎበኘው የቡና ማሳ 60 ከመቶ ያህሉ አበባ ፍሬ ሲይዝ፣ 20 እና ከዚያ በላይ ዓይነት ንብ በሚጎበኘው 90 ከመቶ መድረሱን አሳይቷል። አበባው ለሁለት ሦስት ቀን ብቻ ለሚቆይ ተክል ንቧ አስቀድማ በሠፈሩ መኖር አለባት፤ ጥላ ዛፍና ደን ከቡናው ጎን የሚፈለግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በአንድ ማሳ ላይ የጎደለው ንብ ይሁን መሬት ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሊያብቡ የተቃረቡ 30 የኑግ ራሶች ከተለያዩ ተክሎች ተመርጠው በክር ይታሰራሉ። 10ሩ ከመከፈታቸው በፊት በሻሽ ከረጢት ይሸፈናሉ። 10ሩ እንዳሉ ይተዋሉ። የቀሩት 10ሩ እንደሌሎቹ ንብ እየጎበኛቸው፣ አበባው እስኪያልቅ በየቀኑ ረፋድ ላይ ከሩቅ ተክል በተቆረጠ ራስ በቀስታ ይታሻሉ። ሲደርቁ እያንዳንዱ ራስ መዳፍ ላይ ተፈርክሶ ጥቁሩና ሙሉው ዘር ከባዶው ተለይቶ ይቆጠራል። የተሸፈኑት ባዶ ሊሆኑ ጥቂት ይቀራቸዋል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። መታየት ያለበት በእጅ የታሹት ከተተዉት መብለጥ አለመብለጣቸው ነው። በጉልህ ከበለጡ ማሳው የጎደለው ጎብኚ ነው፣ የሚያስፈልገውም ቀፎና የመስከረም አበባ ነው። እኩል ከሆኑና ሁለቱም ጥቂት ዘር ከያዙ ንቡ ሥራውን ሠርቷል፤ ያን ጊዜ ወደ አፈሩ፣ ወደ ዘሩ ዝምድናና ወደ ተዘራበት ቀን ይኬዳል።