ልቅሶውን አትዝለሉት

ዩኩሌሌ ስትሰሙ የሚታያችሁ የባሕር ዳር ሽርሽር ይሆናል። ይህች ባለ አራት ክር መሣሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ1879 ከማዴይራ ወደ ሃዋይ የተሰደዱ ፖርቱጋላውያን ካመጧት ትንሽ ጊታር ነው። እስራኤል ካማካዊዎኦሌ በ1993 ባወጣው «ፌሲንግ ፊውቸር» አልበም፣ ዓለም የወደደው ስለ ቀስተ ደመና ያዜመውን ነው፤ ድምፁና ዩኩሌሌው ብቻ፣ ጌጥ የሌለበት፣ የሚያጽናና። አልበሙ ግን የሚከፈተውም የሚዘጋውም «ሃዋይ 78» በተሰኘው ዜማ ነው። የጥንት ነገሥታት ዛሬ ቢመለሱ፣ በተቀደሰው መሬታቸው ላይ የተዘረጋውን አውራ ጎዳና አይተው ምን ይሰማቸው ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ሙሾ ነው። የሃዋይ ንግሥት ከዙፋን በተገፋች በ100 ዓመት መውጣቱን ልብ በሉ። ሁለቱንም ስሙ፤ መጽናኛውን ብቻ መርጦ ልቅሶውን የሚዘል፣ ዘፋኙን ገና በግማሽ ነው የሰማው።