የጋይንት ጠላ ቤት

ከወረታ ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ የጋይንቷ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ብርዱ ይቀበለዋል። ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የተደፋበት ደጅ ካየ ግን ማረፊያ አገኘ፤ ጠላ አለ ማለት ነው።

እነዚህን ትንንሽ ቤቶች እወዳቸዋለሁ። ጠማቂዋም ሻጯም አንድ ሴት ናት። የጉና ዙሪያ ደጋ የገብስ አገር ስለሆነ ጠላው የገብስ ነው፤ ወደ ስማዳ ቆላ ሲወረድ ማሽላም ይገባበታል።

ሥራው የቀናት ነው። ጋኑ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ተዘፍዝፎ ይጠነሰሳል፤ ብቅልና ቂጣ ይከተላሉ፤ ከዚያ የተቆላው አሻሮ ገብቶ ይደፈደፋል። ድፍድፉ ሲበስል በውኃ ተበጥብጦ ጋኑ ይከደናል። ጠማቂዋ መጠኑን ሁሉ የምትለካው በዓይኗ፣ በእጇና በአፍንጫዋ ነው፤ ስለዚህ የሁለት ጎረቤታሞች ጠላ አንድ ዓይነት አይሆንም።

ከሁሉም የሚማርከኝ አቀራረቡ ነው። ባለቤቲቱ ከመቅዳቷ በፊት ጥቂት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ለእንግዳው የምትሰጠውን ቀድማ እሷ ቀመሰችው፤ ከዚህ የበለጠ ዋስትና የለም። ከዚያ የወይራው ጢስ ይሸታል፣ የጌሾው ምሬት ምላስ ላይ ይቆያል። መደቡ ላይ ገበሬው፣ ነጋዴውና ሾፌሩ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ዝናቡና ስለ እህል ዋጋ ይጫወታሉ፤ እንግዳውንም «ከወዴት ነዎት?» ብለው ወደ ጨዋታው ያስገቡታል።

የጠርሙስ ቢራ ዛሬ ከእስቴ መካነ ኢየሱስ እስከ አርብ ገበያ ይገኛል። አገሩን ማወቅ የሚፈልግ ግን ጠላውን ይቅመስ፤ የደጋውን ገብስና የሴቶቹን ሙያ አንድ ላይ የሚያገኘው እዚያ ነው። ከጋኑ የሚገኘው ገቢም ልጅ ያስተምራል፣ ቤት ያቆማል።