ፍጥነት ከትከሻ ይጀምራል

ተንጋለው የሚነዱትን ብስክሌት ሊሞክር የሚመጣ ሰው ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "ከእነዚህ ውስጥ የሚፈጥነው የቱ ነው?" እዚህ ሆላንድ ሊግፊትስ የሚባሉትን እነዚህን ብስክሌቶች መጠገን፣ ለነጂው ቁመት ማስተካከልና ማስሞከር የዕለት እንጀራዬ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰው ጀርባውን መቀመጫ ላይ አስደግፎ፣ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ለመንዳት የሚወስነው ወይ ወገቡ ወይ የእጁ አንጓ አስቸግሮት ነው፣ አለዚያም ፍጥነት አምሮት ነው። እኔ ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት አንዱ ላይ አስቀምጬ ግቢውን አንድ ጊዜ አስዞረዋለሁ። ሲዞር የማየው ትከሻውን ነው።

ትከሻው ወደ ጆሮው ከወጣ፣ እጁም መሪውን ጨምድዶ ከያዘ፣ የዚያ ብስክሌት ፍጥነት ለጊዜው የእሱ አይደለም። የተጨነቀ ክንድ መሪውን ያንገራግጫል፤ የተንገራገጨ መሪ ብስክሌቱን ያወላግዳል፤ የሚወላገድ ብስክሌት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ፔዳሉን ይለቅቃል። ለዚህ ነው ፍጥነትን በአንድ ዓምድ፣ የመሪን ታዛዥነት በሌላ ዓምድ ለይቶ የሚያወዳድር ሰንጠረዥ ሲያሳዩኝ የማላምነው።

ፍጥነቱ ከየት እንደሚመጣ ልጀምር። ሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከታለፈ በኋላ ነጂውን ከምንም በላይ የሚይዘው አየር ነው። አየሩን ለማሸነፍ የሚፈለገው ጉልበት ከፍጥነቱ በጣም ቀድሞ ያድጋል፤ ፍጥነቱን እጥፍ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ለአየሩ ብቻ ስምንት እጥፍ ጉልበት ማውጣት አለበት። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ነጂ ደረቱንና ሆዱን ለነፋስ ያቀርባል። የተንጋለለው ግን አየሩን የሚቀድደው በጫማው ነው፤ የቀረው ገላው በእግሩ ጥላ ሥር ይከተላል። ለደንበኞች የማሳየው ስሌት ይኸውና፦ 150 ዋት ጤነኛና የለመደ ሰው ሳይንገላታ ሊያወጣው የሚችል ጉልበት ነው። ነፋስ በሌለበት ሜዳ፣ በተለመደው የከተማ ብስክሌት፣ ይህ ጉልበት በሰዓት ወደ 24 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ለመሬት ቀርቦ በተሠራ የእሽቅድምድም ሊግፊትስ 33 አካባቢ ይደርሳል። ዙሪያውን በቅርፊት በተሸፈነው ባለ ሦስት ጎማ ቬሎሞቢል ደግሞ 40ን ያልፋል። እግሩ ያው እግር ነው።

ይህ ከታወቀ ሰነባብቷል። ፈረንሳዊው ሻርል ሞሼ በሠራው ቬሎካር ላይ ተንጋልሎ፣ ከአንደኛው ረድፍ ተወዳዳሪዎች የማይቆጠረው ፍራንሲስ ፎር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1933 ፓሪስ ውስጥ በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ነዳ። ከ1914 ጀምሮ ያልተነካው የኦስካር ኤግ ክብረ ወሰን 44.247 ነበር። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ምላሽ በማግስቱ ዓመት መጣ፤ ብስክሌት ማለት ምን እንደሆነ በደንብ ወሰነ፣ የተንጋለለውንም ከውድድሩ አስወጣ። ሞሼም በዚያው በ1934 ሞተ። ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያ በር ባይዘጋ ኖሮ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በዚህ ቅርጽ ላይ ገንዘባቸውን ያፈሱ ነበር፤ ዛሬ እኔ አንዲት የካቴና መሪ ፑሊ ለማግኘት ሳምንታት ባልጠበቅኩ። የልዩነቱን ስፋት ለማየት ሁለት ቁጥር ይበቃል፤ በማኅበሩ ደንብ ፊሊፖ ጋና በ2022 በአንድ ሰዓት 56.792 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ ፍራንቼስኮ ሩሶ በ2016 ሙሉ ሽፋን ባለው ሊግፊትስ 92.439 ነድቷል።

በዚያው በ2016 ኔቫዳ ውስጥ፣ ባትል ማውንቴን ላይ፣ ካናዳዊው ቶድ ራይከርት ኤታ በተባለችው ብስክሌት በሰዓት 144.17 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ኤታ ግን መስኮት የላትም፤ ነጂው መንገዱን የሚያየው በካሜራ፣ ስክሪን ላይ ነው። እግሩን የሚያወርድበት ቀዳዳም ስለሌለ ሲነሳ ሰው ደግፎ ይለቀዋል፣ ሲቆምም ሰው ይቀበለዋል። ይህን ያህል የፈጠነችው ብስክሌት ያለ ረዳት ተነሥታ ያለ ረዳት መቆም አትችልም። ለፍጥነት ሲባል ከታዛዥነት ምን ያህል እንደሚከፈል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። በየመንገዱ የምናያቸው ብስክሌቶች ሁሉ ከዚያ ዋጋ የየድርሻቸውን ይከፍላሉ።

ከፍተኛውን የሚከፍለው ሎውሬሰር የምንለው ነው፤ መቀመጫው ከመሬት አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም፣ ነጂው ወደ ኋላ በጣም ተዘርግቷል። ሚድልበርግ ያለው ኤም5 የተባለው ፋብሪካ ለዓመታት ሲሠራቸው ከኖራቸው ውስጥ አንዱን የነዳ ሰው ሜዳ ላይ የሚሰማውን ደስታ አይረሳም፤ ፔዳሉን ለቅቆም ብስክሌቱ መፍሰሱን አያቆምም። ችግሩ ያለው ከዜሮ እስከ 10 ባለው ፍጥነት ነው። ረጅም ዱላ መዳፍ ላይ ማቆም ከእርሳስ ይቀላል፤ እርሳሱ እጃችን ሳይደርስለት ይወድቃል። ክብደቱ ለመሬት የቀረበ ብስክሌትም እንደዚሁ ቶሎ ያጋድላል፣ ነጂው ለማስተካከል ያለው ጊዜ አጭር ነው። መብራት ላይ ቆሞ ሲነሳ የመጀመሪያዋን ርግጫ ሳይወላወል ማድረግ አለበት። ዓይኑም ከመኪና በር እጀታ በታች ስለሆነ በቆሙ መኪናዎች መካከል ማን እንደሚመጣ አያይም። እዚያ የሚባክነው ጊዜ ሜዳው ላይ የተገኘውን ይበላል።

ሃይሬሰር ሁለቱም ጎማው ትልቅ ነው፣ መቀመጫውም ወንበር ያህል ከፍታ አለው። ሜዳ ላይ ከሎውሬሰር የሚያንሰው በጥቂቱ ነው፤ በትራፊክ ውስጥ ግን የሹፌሮችን ዓይን ያገኛል፣ በዝግታም አይንገዳገድም። ለረጅም ሰው ከሁሉ የምመርጥለት ይህን ነው። አጭር ሰው ግን ሲቆም መሬት የሚነካው በእግሩ ጣት ጫፍ ብቻ ነው፤ ያ ስጋት መብራት በመጣ ቁጥር ትከሻውን ይሰቅለዋል።

ረጅሙ ሊግፊትስ፣ ፔዳሉ ከፊት ጎማው ኋላ የሚሆነው፣ ለጀማሪ የዋህ ነው፤ ብዙ ሰው በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል። የዋህ ስለሆነ ቀርፋፋ ነው የሚሉ ተሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 ፍሬድ ማርካም በሰዓት ከ105 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ የዱፖንት ኩባንያን ሽልማት የወሰደው ካሊፎርኒያዊው ጋርድነር ማርቲን በሠራው ጎልድ ራሽ ነው፤ ያም የረጅሙ ቤተሰብ ነበር፣ ሽፋን ለብሶ። የዚህ ዓይነቱ ጉድለት ሌላ ነው፤ ክብደቱ ኋላ ላይ ስለሚያመዝን የፊት ጎማው ቀላል ነው፣ በመከር እርጥብ ቅጠል ላይ ወይም አሸዋ ላይ ሲጠመዘዝ ሳያስጠነቅቅ ይንሸራተታል። ፔዳሉ ከመሪው ጋር አብሮ የሚዞረው፣ በፊት ጎማ የሚገፋው ዓይነት ደግሞ ለብቻው የሚለመድ ጥበብ ነው፤ የለመዱት ይምሉበታል፣ ለመጀመሪያ ግዢ ግን አልሰጠውም።

ብዙው ሰው የሚወስደው አጭሩን ነው፤ የፊት ጎማው ትንሽ፣ ፔዳሉ ከፊት ጎማው አልፎ ቱቦ ጫፍ ላይ የተተከለ። የእጄ ሥራ ከሁሉ በላይ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ነጂውን አስቀምጬ ተረከዙን ፔዳሉ ላይ አስደርገዋለሁ፤ ጉልበቱ ቀጥ እስኪል ድረስ ቱቦውን አወጣለሁ ወይም አስገባለሁ። ከዚያ በጫማው ፊት ሲረግጥ ጉልበቱ ላይ ትንሽ እጥፋት ይቀራል፤ የምፈልገው እሱን ነው። ቱቦው አንድ ጣት እንኳ ከረዘመ ሰውየው በረገጠ ቁጥር ዳሌው መቀመጫው ላይ ይንሸራተታል፣ ዳሌው ሲንሸራተት እጁ መሪውን ይስባል፣ ብስክሌቱም በፔዳሉ ምት ግራና ቀኝ ይላል። ብዙዎች "ይህ ብስክሌት መሪው ክፉ ነው" ብለው የሚመልሱት እንዲህ ያለውን ነው። ካጠረ ደግሞ ጉልበት ያማል። ቡሎኑን ከማጥበቄ በፊት ከኋላ ቆሜ በአንድ ዓይኔ አነጣጥራለሁ፤ የፔዳሉ አክሰል ከመቀመጫው ጋር እኩል ካልተኛ አንዱ እግር ከሌላው ይርቃል። ቱቦው በተንቀሳቀሰ ቁጥር የካቴናው ልክም ይለወጣል፤ ካቴናው የተራ ብስክሌት ካቴና ሁለት ተኩል፣ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ጉልበት የሚጎትተው የላይኛው መስመር በመቀመጫው ሥር፣ በፑሊው ላይ ያልፋል። የኋላውን ጎማ አንሥቼ ፔዳሉን በእጄ አዞርና ጆሮዬን አቀርባለሁ። የፑሊው ኩሽኔታ ከጎረበጠ ነጂው ይህን በእግሩ ይከፍላል፤ የቱንም ያህል ዝቅ ብሎ ቢነዳ።

በዳገት ላይ ታዛዥነትና ፍጥነት አንድ ይሆናሉ። የተንጋለለ ሰው ተነሥቶ በክብደቱ ፔዳል መጫን አይችልም፤ ያለው በቀላል ማርሽ ቶሎ ቶሎ ማዞር ብቻ ነው። ስድስት በመቶ ዳገት ላይ፣ በዚያው 150 ዋት፣ 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ በሚመዝን ብስክሌት በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣል፤ በ35 ኪሎ ቬሎሞቢል ደግሞ ሰባት ተኩል። ባለ ሦስት ጎማው በዚህ ፍጥነት አይወድቅም፤ ነጂው ቢፈልግ ቆሞ ይተንፍስ። ሎውሬሰሩ ግን የሚንገዳገድበት ፍጥነት በትክክል ይኸው ነው። ሊምቡርግ ያለው ካውበርግ እስከ 12 በመቶ ይቆማል፤ እዚያ ሜዳ ላይ ያሸነፉ ነጂዎች መንገዱን ከዳር እስከ ዳር እየጠረጉ ሲወጡ አያለሁ። በእያንዳንዱ ማወላገድ መንገዱን ያስረዝማሉ።

ስለ ቬሎሞቢል ደንበኛ ሲጠይቀኝ ነፋስ ባለበት ቀን እንዲመጣ እነግረዋለሁ። ድሮንተን የሚሠራው ክዌስት የተባለው ቬሎሞቢል ከእ.ኤ.አ. 2000 ጀምሮ በየግድቡ መንገድ ሲመላለስ ኖሯል፤ ክረምቱን ሙሉ ደርቀው ሥራ የሚገቡ ሰዎች አሉ፣ ይህን ክብር እሰጠዋለሁ። ግን ሌሊስታትንና ኤንክኻውዘንን በሚያገናኘው ግድብ ላይ ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ቅርፊቱ ሸራ ይሆናል። ንፋሱ እየመታ ሲለቅ፣ እየለቀቀ ሲመታ፣ በሰዓት 45 የሚሄደው ሰው መሪውን ላላ አድርጎ ካልያዘ ከመንገድ ይወጣል። የፊት ጎማዎቹ በቅርፊት ውስጥ ስለተዘጉ ብዙ አይዞሩም፤ ጠባብ መንገድ ላይ ለመመለስ ወርዶ መግፋት ይመጣል።

በቅርቡ አንድ አባት መጡ፤ ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ ሹፌርነት ያሳለፉ፣ ወገባቸው ያስቸገራቸው ያገሬ ሰው። ዓይናቸው ወዲያው ሎውሬሰሩ ላይ አረፈ።

"አንተ ልጅ፣ ይህን አዲስ አበባ ብወስደውስ?"

"ጋሼ፣ እንጦጦን በዚህ አይውጡብኝ" አልኳቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከዚህ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ዝቅ ያለ ብስክሌት የሚያተርፈው ከአየር ስለሆነ ትርፉ እዚያ ያንሳል፤ ዳገቱ ደግሞ ይበዛል። ሚኒባስ ሹፌሩም ከጎኑ ያለውን ሎውሬሰር ከመስኮቱ አያየውም። ይህን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል፤ የአውቶቡስ መስታወት ምን እንደሚደብቅ ሲነግሩኝ ቆዩ።

አጭሩን፣ መቀመጫው ከፍ ያለውን አስሞከርኳቸው። ቱቦውን አሳጥሬ ካቴናውን ቆርጬ አስተካከልኩ፤ ከኋላ ትልቅ ጥርስ ያለው ማርሽ ጨመርኩላቸው። ለአንድ ወር ሜዳ ብቻ እንዲነዱ፣ ፔዳሉን እንዳይገፉ፣ እንዲያዞሩ፣ መሪውንም በጣታቸው ብቻ እንዲይዙ ነገርኳቸው።

"ከወሩ በኋላስ?"

"ይመለሱና ቱቦውን እናየዋለን ጋሼ፤ እግር ሲለምድ ልኩ ይለወጣል። ያን ቀን ሎውሬሰሩን አውጥቼ እጠብቅዎታለሁ፤ ግቢውን ያዞሩታል።"