ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት

«ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» የሚለኝ ሰው አንድ ቁጥር ይጠብቃል። ሥራዬ የበረራ ዕቅድ ማውጣት ነውና «መሄዱን ነው መምጣቱን?» ብዬ ሳልጠይቅ አልመልስም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው አጭሩ መንገድ 11,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሱ አይለወጥም፤ ሌላው ሁሉ ይለወጣል።

አጭሩ መንገድ ራሱ በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ አይገኝም። ምድር ድቡልቡል ስለሆነች መስመሩ ከቦሌ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ በሱዳንና በሊቢያ ያልፋል፤ ስፔንን አቋርጦም አትላንቲክ ላይ ከዋሽንግተን ይበልጥ ወደ ሰሜን ይወጣና ተመልሶ ይወርዳል። ይሁንና በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲጀመር የአገሪቱ ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላን ተዘጋ። ስለዚህ መስመር ከማስመሬ በፊት የት የት መብረር እንደማይቻል አያለሁ። የሚዞረው ሁሉ በኪሎ ሜትሩ ላይ ይጨመራል።

ቀጥሎ ነፋሱ ነው። ከምድር 10 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ጄት ስትሪም የሚባለው ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ በሰሜን አትላንቲክ ላይ ከኅዳር እስከ የካቲት ይበረታል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በመንገዱ ሁሉ በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ነፋስ ፊት ለፊት ቢገጥመው 13 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ይበራል። ያው ነፋስ ከኋላ ቢገፋው 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይበቃዋል።

የእኔ ሥራ ይህን ሰዓት ወደ ነዳጅ መለወጥ ነው። ለመንገዱ፣ ለመጠባበቂያ፣ መድረሻው ቢዘጋ ወደ ሌላ ማረፊያ ለመሄድ፣ በመጨረሻም 30 ደቂቃ በአየር ላይ ለመቆየት የሚበቃው ሁሉ ይሰላል። «ለማንኛውም ይጨመር» ማለት ግን ቀላል አይደለም፤ አውሮፕላን የራሷን ገብስ ተጭና እንደምትጓዝ በቅሎ ነው፤ ስንቁ በበዛ ቁጥር ስንቁን ለመሸከም ብቻ የሚበላው ይበዛል።

ይህ ክብደት ቦሌ ላይ ይፈተናል። ማኮብኮቢያው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአምስት አንድ እጅ ይሳሳል፤ ሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ ክንፉም ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ቀን ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። እናም ነፋሱ ከፊት በሚመጣበት፣ ብዙ ነዳጅ በሚያስፈልግበት ጉዞ ላይ አውሮፕላኑ በሙሉ ክብደቱ መነሣት አይችልም። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለዓመታት ደብሊን ላይ ነዳጅ እየሞላ ያለፈው፣ ከዋሽንግተን የሚነሣው ግን በቀጥታ አዲስ አበባ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ100 ሜትር አይበልጥም፤ ነፋሱም ከኋላ ነው።

እንግዲህ ትኬት ስትቆርጡ የመነሻና የመድረሻ ሰዓቱን አትቀናንሱ፤ ሁለቱም በየአገሩ ሰዓት የተጻፉ ናቸው፤ ልዩነቱም እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ወደ አሜሪካ የምትሄዱ ከሆነ ለቀጣዩ በረራችሁ ሰፋ ያለ ጊዜ ተዉ። ለነዳጅ መውረዱም አያማርራችሁ፤ ከከፍተኛ ቦታ የሚነሣ አየር መንገድ የሚከፍለው ዋጋ ነው።