ላሟን ማን ቆረጣት?

ቴሌግራም ላይ የምከታተላቸው የወፍ ፎቶዎች ከዓመት ዓመት እየጠሩ መጥተዋል። ላባው አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ዓይኑ ውስጥ ሰማዩ ይታያል። ግን ሁሉም አንድ ናቸው። ወፉ በጎን ቆሟል፣ ከጀርባው የቀለጠ አረንጓዴ አለ፣ በቃ። ጨፋ ይሁን ዝዋይ፣ መስከረም ይሁን ጥር፣ ከምስሉ አይታወቅም።

ይህ አነሳስ ከየት መጣ? እኔ ከመጽሐፍ ነው እላለሁ። ሬድማን፣ ስቲቨንሰንና ፋንሾ በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን የአፍሪካ ቀንድ ወፎች መጽሐፍ ግለጡት። ወፉ በጎኑ ተስሎ፣ ባዶ ወረቀት ላይ፣ ከሚመስሉት ጋር ተሰልፎ ታገኙታላችሁ። ለዚያ ሥራ ልክ ነው። አንዱን ከሌላው ለመለየት ስትሞክሩ ላም መሃል ብትገባ ትረብሻለች። ችግሩ ፎቶ አንሺው 600 ሚሊሜትር ሌንስ ተሸክሞ ያንኑ ስዕል ለመድገም ሲወጣ ነው። መጽሐፉ ላሟን የተወው ለምክንያት ነው፤ እኛ የምንቆርጣት እንዲያምርልን ብለን ነው።

ጨፋ ላይ ደግሞ ላም ተራ ነገር አይደለችም። ከኮምቦልቻ ሀርቡን አልፋችሁ ወደ ከሚሴ ስትወርዱ ቦርከና የሚተኛበት ሰፊ ረግረግ አለ። በበጋ ቆላው ሲደርቅ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብትና ግመላቸውን እየነዱ ይመጣሉ። ከብቱ በረገጠበት ሁሉ ነጩ ሳቢሳ አለ። ላሟ ሳሩን ስትረግጥ ፌንጣው ይዘላል፣ እሱ ይለቅማል። ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽታ የመጣችው ጭራዋን የምትወዘውዘው ቢጫ ወፍም እዚያው ሰኮናው ሥር ትሯሯጣለች። የሳቢሳው የእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ እንኳ ከብት አለ! አትላንቲክን ተሻግሮ ደቡብ አሜሪካ ላይ የተስፋፋውም የከብት ሜዳ ስላገኘ ነው። ፎቶው ላይ ግን ብቻውን ነው፤ የሚበላውን ከየት እንዳመጣ እንጃ።

ነፍሳቱማ ጭራሽ የሉም። ፌንጣው የሚታየው ምንቃር ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው። ወሎ በልግ የሚዘንብበት አገር ነው፤ ከክረምቱ ሌላ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ምድሩ አንድ ዙር ይለመልማል። ያንን ለውጥ ከወፍ ይልቅ ቢራቢሮና ፌንጣ ያሳዩታል። ውሃው ላይ እንደ ሄሊኮፕተር ቀጥ ብሎ የሚያንዣብበው ባለ አራት ክንፉ ደግሞ ልጅነቱን የሚያሳልፈው ውሃ ውስጥ ስለሆነ የውሃው ጤና በቀጥታ ይነካዋል። ቦርከና ደግሞ ጨፋ የሚደርሰው በኮምቦልቻ አልፎ፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ተቀላቅሎበት ነው። ይህን ተመራማሪዎች ለክተው አሳትመዋል። እሱን በማክሮ ሌንስ ከዓመት ዓመት የሚከታተል ሰው ብናገኝ ከ100 የንስር ፎቶ እመርጠዋለሁ።

ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኩት ቴሌግራም ይጨምቀዋል፤ ካሜራው የመዘገበው ቀንና ቦታ አብሮ ይጠፋል። እንደ ፋይል ከላካችሁት ይቆያል። ስለዚህ ወቅቱ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል፤ መጀመሪያ በሌንሱ፣ ቀጥሎ በአፑ። ሰዓት የሌለው ሎግ ይዞ ስህተት ለመፈለግ የሞከረ ዴቨሎፐር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። (የብርቅዬ ወፍ ጎጆ ከሆነ ቦታውን ደብቁት፣ እሱ ሌላ ነው። ቀኑን ግን ምን አደረጋችሁ?)

እርሻው ረግረጉን ከዳር እየገፋው ነው። ከ10 ዓመት በኋላ አንድ ሰው «ውሃው በጥቅምት እስከየት ይደርስ ነበር? ቄጠማው የት ያልቅ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ከኛ የሚያገኘው አንድ ሺህ ጥርት ያለ ሳቢሳ ነው።

ዘንድሮ ካየኋቸው የወደድኩት በስልክ የተነሳ ነው። ከፊት የግመል እግር ግማሹን ይዞታል። በእግሮቹ መሃል ጭቃ፣ ከጭቃው ወዲያ የሚያንጸባርቅ ውሃ፣ ውሃው ዳር ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋደመ ልጅ አለ። ሳቢሳዎቹ ነጭ ነጠብጣብ ናቸው፤ አጉልታችሁ ስታዩ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ከብቱ አዙረዋል። በስተቀኝ ጥግ አዲስ የታረሰ መሬት ገብቷል፤ አንሺው ያየው አይመስለኝም። ከሥሩ የመጀመሪያው አስተያየት፦ «አሪፍ ነው ብሮ፣ ግን ወፎቹ አይታዩም፣ ክሮፕ አድርገው።»